አዲሱ አውቶቡስ ለአዲስ አበባ፣ አሮጌው ለኛ

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ደሴ

ጉዳዩ፦ የደሴ–ኮምቦልቻን መስመር አገልግሎት ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ። ከደሴ ኮምቦልቻ እየተመላለስኩ የምሠራ ደንበኛችሁ ነኝ። ጥቂት አክሲዮንም ስላለኝ ነገሩ በሁለት በኩል ያገባኛል።

ዘንድሮ የገዛችኋቸውን አውቶቡሶች በሙሉ አዲስ አበባ መስመር ላይ አሰማራችኋቸው። 400 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ጉዞ የሚያስገባው ገንዘብ ዓይን እንደሚሞላ ይገባኛል። ግን ያ መኪና አዲስ አበባ ከደረሰ ለዕለቱ ሥራው አበቃ፤ እዚያው ያድራል። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ጠዋት የወጣ መኪና እስከ ማታ ስንቴ ይመላለሳል! ይህን ሒሳብ ተፎካካሪያችሁ ቀድሞ ሠርቶታል።

እነሱ ያሏቸው መኪኖች ከእናንተ ያንሳሉ። አዲስ አልገዙም፤ ያሉትን ነው በደንብ ያሳደሱት። ሰዓቱ ከደረሰ ግማሹ ወንበር ባዶ ቢሆንም ይነሳሉ። የእናንተ ካልሞላ ንቅንቅ አይልም። ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ!» ይላል፤ ያ አንድ ሰው ግን ስንቱ ከገባም በኋላ ይጎድላል።

ስምሪት ክፍላችሁን ስጠይቅ «ጠዋት ቁልቁል ይሞላል፣ መልሱ ባዶ ነው» አሉኝ። እውነት አለው፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ጠዋት ወደ ታች የሚወርደው ሠራተኛ ብዙ ነው። ታዲያ ሰኞ ለገበያ ወደ ደሴ የሚወጣው ሰውስ? ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ የሚመጣው መንገደኛስ? ተፎካካሪያችሁ የአውሮፕላኑን ሰዓት ጠብቆ መኪና ያቆማል። ባዶ የምትሉት መልስ የእነሱ ገቢ ሆኗል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ፍሬኑ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። መንገዱ ቁልቁለትና ጥምዝምዝ ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጉሙ አለ። በረጅሙ መስመር አገልግሎ የደከመውን መኪና «አጭር መንገድ ነው» ብላችሁ እዚህ ትመድቡታላችሁ። በቅርቡ የተቃጠለ ፍሬን እየሸተተን ወረድን። ሹፌሩን አልወቅስም፤ ማርሽ ቀንሶ፣ ቀስ ብሎ በሰላም አድርሶናል። ጥገናውን ማዘዝ ግን የእሱ ሥራ አይደለም።

በዚያ ላይ ጥር ሲመጣ ያሉትም ለሠርግ ኮንትራት ይወጣሉ። ሙሽሮቹን አብሬ እመርቃለሁ፤ እኛ ግን መናኸሪያ ቆመን እንቀራለን።

ስለዚህ ከአዲሶቹ ቢያንስ ሁለቱ ጠዋትና ማታ በቋሚ ሰዓት በዚህ መስመር እንዲሠሩ፣ እዚሁ የተመደቡት አሮጌዎች ፍሬናቸው ተፈትሾ ውጤቱ እንዲነገረን፣ ለኮንትራት የሚወጣ መኪናም በሌላ እንዲተካ እጠይቃለሁ። መልሱን በጽሑፍ ብታደርሱኝ ደስ ይለኛል። ለጠቅላላ ጉባኤው በአጀንዳነት እንዲያዝም ግልባጩን ለቦርዱ ልኬያለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ባለአክሲዮን ተሳፋሪ፣ ከደሴ