ጉዳዩ፦ የልጃችን ምስጢር በሰው ፊት በመነገሩ የቀረበ ቅሬታ

ደሴ ለሚገኘው የሥነ አእምሮ ክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ

የልጃችን ካርድ በእጃችሁ ስለሚገኝ ታሪኳን ከመነሻው አልደግመውም። የምጽፈው ቀጠሮ ከመያዛችን በፊት በስልክ ስለተገባልኝ ቃል ነው። የእንግዳ መቀበያ ኃላፊዋ «ልጅቷ ‹ወንድ ነኝ› ማለቷን ከሐኪሙ በቀር ማንም አይሰማም» ብለው ደጋግመው አረጋግጠውልኛል። ለቅርብ ዘመድ እንኳ ያልነገርነውን ጉዳይ ይዘን ከሐይቅ የመጣነው ይህን ቃል አምነን ነው።

በቀጠሮው ቀን ግን የካርድ ክፍል ሠራተኛው ካርዱን ይዘው ወጡና፣ ሰው በሞላበት የተራ መጠበቂያ «ያቺ ወንድ ነኝ የምትለዋ ልጅ የታለች?» ሲሉ ተጣሩ። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሁሉንም ሰምታለች። ፊቷን በነጠላዬ ሸፍና አልገባም አለች። ድምፃቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ ስለምናቸው «ነገ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ምን ይደብቁታል?» አሉኝ። ቃሉን የሰጡኝ ኃላፊ እዚያው ቆመው እያዩ አንዲት ነገር አልተናገሩም፤ ልጄን «አብሽሪ» ያሏት አጠገባችን የተቀመጡ የማናውቃቸው እናት ብቻ ነበሩ።

ሐኪሙም ልጄን ለብቻዋ ያነጋግሯታል የተባለው ቀርቶ፣ እኔን ጥቂት ጠይቀው «የአእምሮ ሕመም» ብለው ጻፉና የሚያስተኛ መድኃኒት አዘዙ። በምን መሠረት እንደሆነ በትሕትና ስጠይቃቸው «ሐኪሙ አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?» የሚል መልስ ሰጡኝ። የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቁትና ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የበሽታዎች ምደባ ይህን ጉዳይ ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶ ጾታዊ ጤናን በሚመለከተው ምዕራፍ ውስጥ አስገብቶታል፤ የልጅ አለባበስና የጨዋታ ምርጫ ብቻውን ለምርመራ ውጤት እንደማይበቃ፣ ሁኔታውም ሁለት ዓመት ያህል የቆየ መሆን እንዳለበት ይገልጻል። ባለቤቴና እኔ ልጃችን ወደፊት ምን እንደምትሆን እንዲተነበይልን አልመጣንም። በትምህርት ቤት የሴቶች ሰልፍ ላይ ስትቆም ለምን እንደምታለቅስ፣ ሌሊትስ ለምን እንደማትተኛ ተረጋግቶ የሚያዳምጣት ባለሙያ ነበር የፈለግነው። ዱዓውም ጠበሉም በቤተሰባችን አለ፤ ከእናንተ የጠበቅነው ሕክምና ነው።

የካርድ ክፍያ ሁለት ጊዜ መቀበላችሁን፣ ደረሰኝ መከልከላችሁን፣ መንገድ ከጀመርን በኋላም ቀጠሮ መቀየራችሁን በትዕግሥት አልፌው ነበር። ይቅርታ እንድትጠይቁን ብቻ ለማሳሰብ ስደውል ኃላፊዋ «ይህ እኮ ያለፈ ነገር ነው» ብለው ስልኩን ስለዘጉብኝ ግን ጥያቄዬ ይህ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ስለዚህ የልጄ የሕክምና መዝገብ ቅጂ እንዲሰጠኝ፣ ያለ በቂ ምርመራ የተጻፈው የሕመም ስያሜ በሌላ ባለሙያ እንዲታይ፣ የከፈልነው ገንዘብ እንዲመለስና በሠራተኛው ላይ የተወሰደው እርምጃ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። በ15 ቀናት ውስጥ ምላሽ ካላገኘሁ ጉዳዩን ለከተማው ጤና መምሪያ፣ ከዚያም ለክልሉ ጤና ቢሮ አቀርባለሁ። ምላሹን በስልክ አልቀበልም፤ ፊርማና ማኅተም ባለው ደብዳቤ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር
የልጅቷ እናት፣ ሐይቅ