«የክብር» የምትለዋን ቃል ከታፔላ አንቁረጣት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እኔ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ታፔላ እየጻፍኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። በሥራው 31 ዓመት ቆይቻለሁ። ዛሬ አብዛኛው ደንበኛ በኮምፒውተር ወደሚታተመው ባነር ሄዷል። እኔ ግን አሁንም ላሜራ አስቆርጬ፣ ጸረ ዝገት ቀብቼ፣ በእርሳስ አስምሬ በብሩሽ እጽፋለሁ፤ ክረምት የማያጥበው ጽሑፍ የሚፈልግ ሰው አሁንም ይመጣል። ስለ ሥራዬ ማውራቴ ለማስተዋወቅ አይደለም። ዛሬ የምጽፍላችሁ የክብር ማዕረግ ጉዳይ ከዚሁ ከገዛ እጄ ስለወጣ ነው።

በ2014 ዓ.ም. አንድ የግል ክሊኒክ ታፔላ እንድሠራለት ጠራኝ። ለመክሰስ ስላልተነሣሁ ስሙን አልጠራም። የክሊኒኩ ባለሙያ የሚጻፈውን በወረቀት አድርጎ ሰጠኝ። ከስሙ ሥር «በእግር ደም ሥር ሕክምና የክብር ፕሮፌሰር» ይላል። ከውጭ አገር ማኅበር የተላከለትን፣ ወርቅማ ማኅተም ያለበትን ወረቀት በፍሬም ግድግዳው ላይ ሰቅሎት ነበርና እሱንም አሳየኝ። ላሜራው 2 ሜትር በ80 ሳንቲም ነው። በእርሳስ ሳሰምረው ጽሑፉ ተጨናነቀ። «የክብር የምትለዋን ተዋት፤ ፕሮፌሰር የሚለው ጎላ ብሎ ይታይ» አለኝ። ተውኳት። «ፕሮፌሰር» የሚለውን በቀይ ጽፌ በጥቁር ጥላ አጎላሁት፤ ሒሳቤን ተቀብዬ ሄድኩ። አራት ፊደል መተው ያን ቀን ምንም አልመሰለኝም።

ባለቤቴ እንጀራ ጋጋሪ ናት። ለሆቴልና ለድግስ ስትጋግር 26 ዓመት ከምጣድ ፊት ቆማለች። ሁለተኛ ልጃችንን ከወለደች ወዲህ ባቷ ላይ ያሉት ደም ሥሮች እንደ ገመድ ተጠማዘው ይታዩ ነበር። ማታ እግሯ ያብጣል፣ አድሮ ይጎድላል። እያደር ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል ያለው ቆዳ ጠቆረ፣ ደረቀ፣ እከክ እከክ ይላት ጀመር። ጎረቤቱ ግማሹ «ዝሆኔ ነው» ይላል፣ ግማሹ «ምች ነው»። በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የማገዶ እንጨት እዚያው ቦታ ላይ ጫራት። ጭረቱ ቁስል ሆነ፤ ቁስሉም እየሰፋ ሄዶ የልጅ መዳፍ አከለ።

የት እንውሰዳት ብለን ስንመካከር «ፕሮፌሰሩ ጋ» ያለችው እሷው ናት። ሰፈር ስታልፍ ታፔላውን አንብባዋለች። ያነበበችው የእኔን ጽሑፍ ነው፤ ያመነችውም እሱን ነው።

ስምንት ወር ተመላለስን። መርፌ፣ ቅባት፣ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ፤ እንደገና መርፌ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን አስቁሞ ሁለቱን እግሮቿን አላያቸውም። አንድም ቀን ጠበቅ አድርጎ በፋሻ አላሰረውም። ልጠይቅ ስል ዓይኔ ፍሬሙ ላይ ያርፍና አፌ ይያዛል። ፕሮፌሰር ምን ተብሎ ይጠየቃል? 47,000 ብር ወጣ፤ ከዚህ ውስጥ የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ይገኝበታል። ቁስሉ ግን አልጠበበም።

መንገዱ በዚያን ጊዜ ዝግ ስለነበር ባሕር ዳርም ሆነ አዲስ አበባ ልንወስዳት አልቻልንም። በመጨረሻ አንዲት የእድራችን ሴት እጇን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። እዚያ ቁስል የምታክም አንዲት ሲስተር አለች። ስሟን ብጠራው ደስታዬ ነበር፤ እሷ ግን አትወድም።

የመጀመሪያዋን ቀን አብሬ ነበርኩ። ሲስተር «እትዬ፣ እስቲ ይቁሙልኝ» አለችና ራሷ መሬት ላይ ተንበረከከች። ሁለቱንም እግር ከጭን እስከ ጣት በዓይኗ አስተያየች። ቀጥላ ሁለት ጣቷን የባለቤቴ እግር ጀርባ ላይ አሳርፋ ዝም አለች፤ እየቆጠረች ኖሯል። «ደም ቅዳው፣ ከልብ ደም የሚያመጣው ሥር፣ ደህና ነው፣ ይመታል። ስለዚህ ማሰር እንችላለን» አለች። ደም ቅዳው የታመመ እግር በጠባብ ፋሻ ቢታሰር እግሩን እስከ ማሳጣት እንደሚደርስ፣ ሁልጊዜም አስቀድሞ እሱ መታየት እንዳለበት ነገረችን። ስምንት ወር ሙሉ ማንም ያልነካው ቦታ ነው።

ከዩኒቨርሲቲው ለልምምድ የመጡ አራት ተማሪዎች ዙሪያዋን ቆመዋል። ወደ እኔ ዞር ብላ «ጋሼ፣ እጅዎን ያውሱኝ» አለች። ቀለም ያለቀቀውን እጄን ሰጠኋት። ክንዴን ከክርኔ በላይ በጨርቅ ሸብ አደረገችውና ደም ሥሮቼ ተነፉ። አንዱን ደም ሥር አንጓዬ አጠገብ በአንድ ጣቷ ተጫነችው፤ በሌላው ጣቷ ደሙን ወደ ላይ እየገፋች ወሰደችውና የገፋችበትን ጣቷን አነሣች። ሥሩ ባዶውን ቀረ። ደሙ ከላይ ተመልሶ አልወረደም። ከታች የተጫነችውን ስትለቀው ደግሞ ወዲያው ሞላ። «ደም መልስ ውስጥ በር አለ። ወደ ልብ የሚሄደውን ያሳልፋል፣ ወደ ታች የሚመለሰውን ይዘጋል። በእትዬ እግር ላይ ያሉት በሮች ተበላሽተዋል፤ ደሙ ቁልቁል ይመለስና እዚያው ይጠራቀማል፣ ቆዳውን የሚያበላሸው እሱ ነው» አለች። ለተማሪዎቹም ዊልያም ሃርቪ የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ በሥዕል እንዳሳየ፣ በሮቹንም ከእሱ በፊት የፓዱዋው መምህሩ ፋብሪሲዮ እንደገለጻቸው አስረዳቻቸው። ልጆቹ ተራ በተራ በገዛ እጃቸው ሞከሩት። እኔም ማታ ቤት ገብቼ ሞከርኩት።

ከዚያ ቁስሉን በንጹሕ ውኃ አጠበች፣ ሸፈነችና ከእግሯ ጣቶች ሥር ጀምራ ከጉልበቷ ዝቅ እስካለው ቦታ ድረስ በላስቲክ ፋሻ አሰረችው። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ እየወጣ ሲሄድ ላላ ያለ፤ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ግማሹን ይሸፍናል። እኔ መስመር በማስመር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ የእጅ ሥራ አውቃለሁ፤ አንድ ዙር አልተዛባም። ባለቤቴ ስትተኛ እግሯን ከልቧ ከፍ እንድታደርግ፣ ምጣድ ፊት ስትቆም ደግሞ ተረከዟን እያነሣች እንድትጥል ነገረቻት፤ የባት ሥጋ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ደሙን ጨምቆ ወደ ላይ ይገፋዋል። በሳምንት ሁለት ቀን ተመላለስን። በአምስት ወር ቁስሉ ተዘጋ።

በሽታው ግን አልዳነም፤ ሲስተርም ድኗል አላለችም። «እኔ የምችለው እስከዚህ ነው። የተበላሸውን ሥር በቀዶ ሕክምና ወይም በሌዘር የሚዘጋው የደም ሥር ስፔሻሊስት ነው፤ መንገዱ ሲከፈት ውሰዷት። እስከዚያ ይህን ጠባብ ካልሲ ጠዋት ከአልጋ ሳትወርጂ አድርጊ» ብላ ለቀቀቻት። በመጨረሻ ሰዓት «አንቺ» ማለት ጀምራ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ተዛምደዋል።

አንድ ቀን «ሲስተር፣ ማዕረግሽ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። «ነርስ ነኝ» አለችኝ። 22 ዓመት ሠርታለች። በየዓመቱ የሚመጡት ተማሪዎች ከእሷ ይማራሉ፤ ዛሬ ሐኪምና ጤና መኮንን ሆነው በየወረዳው የሚሠሩ አሉ። መምህር የሚላት ወረቀት ግን አንድም የላትም።

ውድ አዘጋጅ፣ የክብር ማዕረግ አይሰጥ የሚል ሐሳብ የለኝም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በየምረቃው ለአርቲስት፣ ለበጎ አድራጊ፣ ለባለሀብት የክብር ዶክትሬት ሲሰጡ እናያለን፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ሰጥቷል። ውለታን መመስከር ነውና ደግ ነው። የሚከብደኝ ማዕረጉ የማን ምስክርነት እንደሆነ ሲጠፋ ነው። እኛ ጎንደሮች ይህን ከማንም ልንማር አይገባም። በአታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም፣ ማለትም የዝማሬና የሽብሸባ ትምህርት፣ ማስመስከሪያ ቤት ነው። ተማሪው አገር አቋርጦ፣ ቆሎ ቆርጥሞ፣ ዓመታት ተቀምጦ በየኔታ ፊት ሲያስመሰክር ነው መሪጌታ የሚባለው፤ መሪጌታ ሲባልም ማን እንዳስተማረው፣ የት እንዳስመሰከረ ይታወቃል። ቆሞ ሲዘም ያላየው ሰው ከሩቅ አገር ወረቀት ቢልክለት ማኅሌት ላይ ማን ያቆመዋል?

በደም ሥር ሕክምና ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። ሲስተር እንዳስረዳችኝ የደም መልስ በሽታ በብዙ አገር ራሱን የቻለ አንድ ስፔሻሊቲ ሆኖ አይቆምም። የደም ሥር ቀዶ ሐኪሙም፣ የቆዳ ሐኪሙም፣ የራጅ ሐኪሙም ይሠሩታል፤ ቁስሉን ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ነርስ ነው። መግቢያው ብዙ በመሆኑ ማኅበሩም ብዙ ነው፣ ሰርተፊኬቱም ብዙ ነው። የሚገባቸውን የሚሸልም ማኅበር አለ፤ ከፍለው ለሚመዘገቡ ወረቀት የሚልክም አይታጣም። ታካሚ በምን ይለያል? የእኔ ባለቤት በታፔላ ነው የለየችው።

ማዕረግ ሲቆረጥ ትርጉሙ እንዴት እንደሚዞር ሐኪሞች ራሳቸው ያውቃሉ። የክብር ዶክትሬት የተቀበለ ሰው በብዙ አገር ልማድ ራሱን «ዶክተር» እያለ አያስጠራም፤ ክብሩ ከነስሙ «የክብር» ሆኖ ይቀመጣል። በእንግሊዝ አገር ቀዶ ሐኪም ይህን ሁሉ ተምሮ ሲያበቃ «ሚስተር» መባልን ይመርጣል፤ ከጥንት ጸጉር ቆራጮች ጋር በአንድ ማኅበር ከነበሩበት ዘመን የወረሱት ነው። ፈዋሽ እጅ ከስም ፊት የግድ ትልቅ ቃል አያስፈልገውም።

ለሚገባው ሰው መስጠት እንደሚቻል ደግሞ ከራሳችን ምሳሌ አለ። ማሚቱ ጋሼ የፊስቱላ ታካሚ ሆና አዲስ አበባ ገባች። ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል አላገኘችም። እነ ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ሲሠሩ አጠገባቸው እየረዳች፣ እያየች፣ እጇ ተካነና የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ለመሥራት በቃች፤ ሐኪሞችንም አሠለጠነች። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ ቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ከዶክተር ካትሪንና ከባለቤቷ ከዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማት። ሸላሚው የቀዶ ሕክምና ዋጋ የሚያውቅ ነው፤ የተሸለመችውም በሠራችው ነው። ሜዳሊያው ምስክር የሚሆነው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ ሲቆም ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አብሮ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር የላከ ነው። ነርስን ከጤና መኮንን ጎን አሰልፎ ጀምሯልና ዛሬም ያንኑ ያድርግ። ተማሪዎቹን የምታስተምርለትን ሲስተር መጥቶ ይያት። በወር ስንት ቁስል እንደምትዘጋ ከመዝገቧ ይቁጠር። ካመነባት «በእግር ቁስል ሕክምና የክብር መምህር» ብሎ ይሰይማት፤ በምን እንደሰየማትም ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ደመወዝ ባይጨምርላት ተማሪው በሌላ ዓይን ያያታል፤ ታካሚውም ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። በየጤና ጣቢያው እንደ እሷ ያሉ ሌሎችም አይጠፉም።

ፈቃድ ለሚሰጠውና ለሚቆጣጠረው የጤና ክፍልም አንድ ልመና አለኝ። ክሊኒክ ሲጎበኝ መድኃኒቱና አልጋው እንደሚታይ ሁሉ ታፔላውም ይታይ። የክብር ማዕረግ ከሆነ «የክብር» የምትለዋ ቃል በእኩል መጠን ትጻፍ፣ የሰጠው ማን እንደሆነም ይገለጽ። የሥራ ባልደረቦቼ ታፔላ ጸሐፊዎችና ባነር አታሚዎችም ደንበኛ ቃል ቁረጡ ሲላችሁ እኔ እንዳደረግሁት አታድርጉ።

እኔ በበኩሌ ባለፈው ሳምንት ወደዚያ ክሊኒክ ሄጄ ባለሙያውን አነጋገርኩት። ያደረሰብንን ነገርኩት፤ እኔም የተውኩትን ነገርኩት። አስብበታለሁ ብሎኛል። ስወጣ ታፔላውን በሜትር ለካሁት። «ፕሮፌሰር» ከሚለው በስተግራ 34 ሳንቲም ክፍት ቦታ አለ። እያንዳንዱን ፊደል በ7 ሳንቲም ብጽፈው አራቱም ይገባሉ። ቀዩ ቀለም ከዚያው ቆርቆሮ ተርፎኛል፤ መሰላሉም አለ። እሺ ባለኝ ቀን ያለ ክፍያ እጽፈዋለሁ።

ታፔላ ጸሐፊው
ከጎንደር
(ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ ይገኛል)