ቁስቋም ለምን ቁስቋም ተባለ

ይድረስ ለእማዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ ስናወራ ድምፄ ያስታውቅብኛል ብዬ ነው የምጽፈው። መነጽርሽን አድርጊና ራስሽ አንብቢው፤ ለወንድሜ ለማሙሽ አትስጪው።

ትልቁ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ሌሊቱን ሲያጠና ያድራል። ሚጣ ሁለት የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አንቺን ትመስላለች። የላክሽው ሽሮ ደርሷል፤ የሠፈሩ ሰው ሁሉ ቀምሶ አመስግኖሻል።

የኅዳር 5 ማታ ነገር ግን ደርሶኛል። አንቺ «ትንሽ ጉንፋን ነው» ብለሽኝ ነበር፤ ለቁስቋም ማኅሌት ስትወጪ ዳገቱ ላይ መውደቅሽን የነገረኝ ጎረቤት ነው። በዚያ ጉልበት፣ በዚያ ጨለማ፣ ብቻሽን! ጽጌውን ሙሉ ጾመሽ፣ በባዶ ሆድ የግፊት ክኒን ውጠሽ! ተቆጥቼሻለሁ እማዬ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ደግሞ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሚጣ ሰምታኝ ኖሮ «አያቴ የወደቀችበት ቦታ ለምን ቁስቋም ተባለ?» አለችኝ። አስተኝቼ አንቺ እንደምትነግሪኝ አድርጌ ጀመርኩላት። አፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ሰባት ዓመት ገደማ ነበር አልኳት፤ «እንደኔ!» ብላ ተነሥታ ተቀመጠች። እናቱ እቴጌ ምንትዋብ፣ የቋራዋ ሴት፣ ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር አገር ገዙ። ኋላም ከግንቡ ወጥተው ከጎንደር ከተማ በላይ ኮረብታው ላይ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። በጎንደር አንዳንዱ ደብር በአጠገቡ ባለው ነገር ይጠራል፤ ግምጃ ቤት ማርያም በግምጃ ቤቱ፣ እልፍኝ ጊዮርጊስ በእልፍኙ። እቴጌ ግን ስሙን ከግብጽ አመጡት። እመቤታችን ከሄሮድስ ሸሽታ፣ ሦስት ዓመት ከስድስት ወር በረሃ ለበረሃ ስትንከራተት ያረፈችበት ተራራ ደብረ ቁስቋም ይባላል። እቴጌም ደብራቸውን ደብረ ፀሐይ ቁስቋም አሉት። «ፀሐይ ስትወጣ ቀድማ የምትሳለመው እሱን ነው» ትይኝ ነበር፤ «እቴጌም እናት ናቸው፤ እናት የምታርፍበት ስም ነው የፈለጉት» ትይኝ ነበር።

እናት የምታርፍበት። ልጃቸው ቀድሟቸው ሞተ። የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ በ1761 ዓ.ም. ተገደለ። እሳቸው እዚያው ኮረብታው ላይ ቀሩ። የሱዳኑ ደርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ደብሩን ቢያቃጥለውም ዐፅማቸው እስከ ዛሬ እዚያው ነው፤ እናት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ሳጥን። በመስታወቱ ውስጥ ያሳየሽኝ ቀን እጅሽን አጥብቄ መያዜን አስታውሳለሁ። ፈርቼ አልነበረም። ሦስቱ አብረው በመሆናቸው ደስ ብሎኝ ነበር።

ሚጣ «እመቤታችን ስትሸሽ ሕፃኑን ለማን ሰጠችው?» አለችኝ። «ለማንም። አቅፋው ነው የተሰደደችው» አልኳት። ከዚያ በኋላ አንደበቴ ተያዘ።

እማዬ፣ በ1982 ዓ.ም. እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጦርነቱ እየቀረበ እንደነበር አውቃለሁ። አባባ ከሄደ በኋላ ምን ያህል እንደተቸገርሽም አሁን ልጅ ሳሳድግ ገብቶኛል። በሶና ቆሎ ቋጥረሽ፣ በነጠላሽ ፊቴን ጠርገሽ፣ አውቶቡስ ተራ ለማላውቃት ሴት አደራ ሰጠሽኝ። «ሁለት ወር ነው፤ እትዬ ጋ ትቆዪና ትመለሻለሽ» አልሽኝ። ማሙሽ ጀርባሽ ላይ ታዝሎ ነበር። ደብረ ማርቆስ ስናድር ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት የሱን እግር ነው፤ ከወገብሽ ግራና ቀኝ ተንጠልጥሎ የነበረውን።

ሁለቱ ወር አምስት ዓመት ሆነ። እትዬ አልበደለችኝም፤ አስተምራኛለች። እንጀራዬን የምበላውም በዚያ ትምህርት ነው፤ ያንን ያደረግሽልኝ አንቺ ነሽ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ለምን እኔን? ለምን እሱን አልላክሽም? ወይ ሦስታችንም አንሄድም ነበር? ይኸን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጠይቅሽ እየፈለግሁ ሳልጠይቅሽ ኖርኩ። ከዳገቱ የባሰ ቢመጣስ፣ መንገዱ እንዲህ እንደሆነ እኔ ሳልደርስ... ይኸን አልጨርሰውም።

«እኔ ጋ ነይ» ባልኩሽ ቁጥር «ከቁስቋም ርቄ የት እገባለሁ?» ትይኛለሽ። ይገባኛል። እኔም ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ያልኩት እሱኑ ነበር።

ክኒኑን ምግብ ቀምሰሽ ውሰጂው። ጉልበትሽን በቅባት ከማሸት ይልቅ ማሙሽ ይውሰድሽና ራጅ ተነሺ፤ ገንዘቡን ዛሬ አስገብቼለታለሁ። ለከዘራሽ ጫፍ የሚሆን ጎማ ገዝቻለሁ፤ ሰው ሳገኝ እልክልሻለሁ።

የሚጣን ተረት እዚያ ላይ አቋርጬባታለሁ። «ቀሪውን አያትሽ ታውቀዋለች» ብያታለሁ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ትደውልልሻለች፤ ስልክሽን ቅዳሜ ማታ ቻርጅ አድርጊው፣ መብራት ከጠፋም ጎረቤት ጋ ስጪው። ልጅ ይዞ ስለመሰደድ አንቺ ንገሪያት። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ።

ልጅሽ