ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፦ ሱፐርቫይዘሩን ማን ያሠልጥነው?

ክቡራን የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ከጎሮ ወደ ቦሌ አራብሳ በሚወስደው በኩል፣ ከከተማው ዳር ነው። ግቢዬ ውስጥ የማከራያቸው ሦስት ሰርቪስ ቤቶች አሉ። እኛ ሰፈር «ሰርቪስ» ሁለት ነው፤ ልጆቹን ወደ ፋብሪካ የሚያመላልሳቸውም፣ ተመልሰው የሚያድሩበትም። ተከራዮቼ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የሚሠሩ ሴት ልጆች ናቸው። በአንድ ክፍል ሦስትም አራትም ሆነው ይኖራሉ። ዘንድሮ ኪራይ ጨምሬባቸዋለሁ፤ ስለዚህ ጻድቅ ነኝ ብዬ አይደለም የምጽፈው።

ባለፈው ክረምት አንዷ ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ወር ተባረረች። ወረቀቷ ላይ የሰፈረው «የሥራ ብቃት ማነስ» የሚል ነው። የፋብሪካውን ስም አልጠራም። ነገሩ ግን እንዲህ ነበር። የላይኗ፣ ማለትም የምትሰፋበት የምርት መስመር ሱፐርቫይዘር፣ እሁድ ላግኝሽ አላት። አይሆንም አለችው። በማግስቱ ኪስ ከምትሰፋበት ማሽን አንስቶ ኮሌታ ላይ አስቀመጣት። ኮሌታ ላልለመደው ሰው ከባድ ነው ይላሉ ልጆቹ። ታርጌቱን፣ ሰፍታ እንድታስረክብ የሚጠበቅባትን ቁጥር፣ መሙላት ሲያቅታት በሁሉም ፊት ጮኸባት። በሚቀጥለው ቀንም እንደዚያው። ከዚያ «አልቻለችም» ተባለና አለቀ። ስትነግረኝ ያስለቀሳት የእሁዱ ነገር አልነበረም። «እማማ፣ ኪስ እኮ እችላለሁ» ነበር የምትለው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ልጄ ከስልኩ ላይ አነበበልኝ። የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት አሠሪው ለሥራው ተስማሚ አይደለችም ካለ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይችላል። ይኸው አዋጅ በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳንና ጥቃትን ይከለክላል። አሠሪዋ ወይም የሥራ መሪው ይህን ቢፈጽምባት ደግሞ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን መልቀቅ እንደምትችል ይናገራል። እዚህ ጋ ስንደርስ ሳቄ መጣ። ለካ የምትለቀው እሷ ናት! የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአሠሪነት ሥልጣኑ ሴትን መጠቀሚያ የሚያደርግን ሰው ይቀጣል። ጥሩ ነው። ግን ይህቺ ልጅ ዳኛው ፊት ምን ይዛ ትቅረብ? ኮሌታውን?

ፋብሪካዎቹ ምንም አያደርጉም አልልም። ማርች 8 ሲደርስ ቲሸርት አለ፣ ኬክ አለ። ሥልጠናም ወስደው ያውቃሉ፤ ግማሽ ቀን። መብታችሁን እወቁ፣ በጨለማ ብቻችሁን አትሂዱ፣ ጥቃት ሲደርስ ዝም አትበሉ ተባሉ። «ሱፐርቫይዘሮቹስ አብረው ሠለጠኑ?» ብዬ ጠየቅኩ። ላይን ላይ ነበሩ፤ ምርት አይቆምም አሉኝ። እንግዲህ የምጽፍላችሁ በዋናነት ለዚች መልስ ነው። አትንካ መባል ያለበት ሰው ሥራ ላይ ነበር፤ እንዳይነኩሽ ተጠንቀቂ የተባለችው ናት አዳራሽ የገባችው።

የአስተያየት ሳጥንም አለ። የተሰቀለው የሰው ኃይል ቢሮው በር ላይ ነው። ወረቀት አጣጥፋ ወደዚያ የምትሄድን ልጅ ማን እንዳያያት ነው?

ባንግላዴሽ፣ ዳካ አካባቢ ባሉ ልብስ ፋብሪካዎች የተሞከረ ሥልጠና እንዳለ ሰምቻለሁ። ሴት ሠራተኞችን፣ ወንድ ሠራተኞችንና አለቆችን መጀመሪያ ለየብቻ፣ ቀጥሎ በጋራ ያወያያል። ተአምር ሠራ አላልኩም። ቢያንስ ግን አለቃውንም ወንበር ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ ባሻገር ግን ሥልጠና ብቻውን ሱፐርቫይዘርን አይለውጥም። እሱም ከላይ ታርጌት ይጮህበታል። ልጅን ከማሽን ወደ ማሽን የማዘዋወር ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ እስካለ ድረስ፣ ያ ሥልጣን መቅጫ ይሆናል።

ኢንስፔክተሮቻችሁ ፋብሪካ ሲገቡ የእሳት ማጥፊያውንና የአደጋ መውጫውን ያዩ ይሆናል። እባካችሁ አንድ መዝገብ ጨምሩበት፦ በየላይኑ፣ በየሱፐርቫይዘሩ ሥር፣ በሙከራ ጊዜ ስንት ሴት ተሰናበተች? ከአንዱ ሰው ሥር የሚሰናበቱት ሴቶች ከበዙ ምክንያቱን ጠይቁት። የተሰናበቱትንም ፈልጋችሁ አነጋግሩ፤ ከፋብሪካው ግቢ ውጪ፣ በሴት ኢንስፔክተር። ለዚህ አዲስ አዋጅ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

መንገዱም አለ። የማታ ሺፍት ሲወጣ ሰርቪሱ አስፋልቱ ላይ ያወርዳቸዋል። ከዚያ እስከ እኛ ድረስ ኮረኮንች ነው፣ መብራት የለውም። ክረምት ሲሆን ጭቃው ከጨለማው ጋር ይተባበራል። ጎረቤቴና እኔ ተራ ገብተን በስልክ ባትሪ እንቀበላቸዋለን፤ እኔ ጉልበቴን ያመኛል፣ እሷ ደግሞ ውሻ ትፈራለች። አዋጁ በወጣበት በ2011 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ የጸደቀው የዓለም ሥራ ድርጅት ቁጥር 190 ስምምነት፣ ወደ ሥራ መሄጃውንና መመለሻውን ጭምር ይመለከታል። ፋብሪካው «ከበሩ ውጪ አይመለከተኝም» እንዳይል ማለት ነው። ሰርቪሱ ሰፈር ድረስ ቢገባ ስንት ሊትር ነዳጅ ይጨምር ነበር?

የደመወዝ ነገር የእኔ ርዕስ አይደለም፤ አዋጁ የሚጠቅሰውን የደመወዝ ቦርድ እናንተ ታውቁታላችሁ። ግን የአንድ ወር ኪራይ ያላጠራቀመች ልጅ «አይሆንም» ለማለት ሁለቴ ታስባለች። እዚህ ላይ እኔም አለሁበት፤ በሚቀጥለው ዓመት አልጨምርም።

የተባረረችው ልጅ አሁን ጀበና ቡና ትሸጣለች። ሌሎቹ እሁድ ከሰዓት በኋላ ቤት ናቸው፤ ልብስ ያጥባሉ፣ ጸጉር ይሠራራሉ። ከቢሮአችሁ አንዲት ሴት ብትልኩ ያወሯታል። ቡናውን እኔ አፈላለሁ፤ ከቻለች ግን ታርጋው የመንግሥት በሆነ መኪና አትምጣ፣ ልጆቹ ይፈራሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አከራይ