ከቱኒስ ለአባባ

ይድረስ ለምወድዎ አባባ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ግን ጋቢዎን አስናፍቆኛል።

የካርቴጅ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ነኝ። በስልክ «የፈረንጅ ድግስ ነው?» ብለውኝ ነበር። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 ታሃር ሸሪዓ የሚባሉ ቱኒዚያዊ የመሠረቱት ለአረብና ለአፍሪካ ፊልም ሠሪዎች ብለው ነው። በዚያው ዓመት ትልቁን ሽልማት፣ ወርቃማውን ታኒት፣ ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን ወሰዱት። ታኒት የጥንቶቹ የካርቴጅ ሰዎች አምላክ ናት፤ ጣዖት ተሸለሙ ብለው እንዳይቆጡ ብቻ!

ሰልፉን ቢያዩት አባባ! በሀቢብ ቡርጊባ ጎዳና ተማሪው፣ ጡረተኛው፣ ልጅ ያዘለችው ሁሉ ይጋፋል። ወንበር ሲሞላ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ያያሉ፤ ደስ ካላቸው ያጨበጭባሉ፣ ካልጣማቸው ያጉረመርማሉ። ሲኒማ ኢትዮጵያ በር ላይ በግፊያ አንድ ጫማዎ የጠፋበትን ቀን አስታውሼ ብቻዬን ሳቅሁ።

አንድ ነገር ግን ከሰማሁት ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣም። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ፌስቲቫሉ ፊልሞቹን እስር ቤት ድረስ ወስዶ ለታራሚዎች ያሳያል። እርስዎ በዚያ ዘመን ታስረው ስለነበሩበት ክፍል የነገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በጣሪያው ቀዳዳ ትገባ ስለነበረችው የብርሃን ክብ። ሌላውን አልጠየቅሁም፣ እርስዎም አልነገሩኝም።

ያንኑ የደርግ ዘመን የሚያሳየው የኃይሌ ገሪማ ፊልም «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 እዚሁ ወርቃማውን ታኒት አግኝቷል። ዲቪዲውን የላክሁልዎ ዓመት «ያንን ዘመን አንዴ ኖሬዋለሁ፤ ተቀምጬ አልደግመውም» ብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ያኔ ቅር ብሎኝ ነበር። ከጀርመን ተምሮ የተመለሰ የጎንደር ልጅ ታሪክ እንዴት አያጓጓቸውም እያልሁ አኮረፍሁ። ምን ማለትዎ እንደነበር የገባኝ ትናንት ማታ ነው፣ ጨለማው ውስጥ ከማላውቀው ሰው ጎን ተቀምጬ።

ለጥምቀት ስመጣ አብረን ብናየውስ? መሐል ላይ «ይብቃኝ» ካሉ አጠፋዋለሁ፣ ቡና እናፈላለን። ጨርሶ አላይም ቢሉም አልከፋም፤ መሳቢያው ውስጥ ይቆይ።

የዓይን ጠብታዎን አይርሱ። ለእማማ ጉንጯን ሳሙልኝ።

ልጅዎ