«ምን ሠራ?» ብሎ የማይጠይቅ ቅጽ፦ ለትምህርት ቢሮ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ቢሮ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሳምንታዊ ዜናና የተማሪዎች ውጤት የሚገለጽበትን መንገድ ይመለከታል

ክቡር ኃላፊ፦

ሰላምታዬን አስቀድሜ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ከዚያ ጎን ለጎን ከሚኒ ሚዲያ ክበብ ተማሪዎች ጋር የትምህርት ቤቱን ሳምንታዊ ዜና አዘጋጃለሁ። ዜናው ሰኞ ጠዋት በድምፅ ማጉያ ይነበባል፤ በዕረፍት ሰዓት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ለወላጆች በቴሌግራም ይላካል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከቢሮው የመጣውን የተማሪዎች ስኬት መግለጫ ቅጽ ሞልተን እንመልሳለን። ዛሬ የምጽፍልዎ ስለዚህ ቅጽ ነው። ሁለት ጊዜ በደብዳቤ ጠይቄ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ «በቅጹ መሠረት ተሞልቶ ይላክ» የሚል የአንድ መስመር መልስ ስለደረሰኝ፣ ሌሎች መምህራንና ወላጆችም እንዲያነቡት በግልጽ መጻፍን መረጥኩ።

ቅጹ አምስት ዓምዶች አሉት፤ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ክፍል፣ የተገኘ ደረጃ ወይም ሽልማት፣ ፎቶግራፍ። ተማሪው ምን እንደሠራ የሚጻፍበት ቦታ የለም። እውነቱን ለመናገር እኔም ለዓመታት ስሞላው ይህ አልታየኝም ነበር። ዓይኔን የገለጠችልኝ አንዲት ተማሪ ናት።

የባዮሎጂ ላቦራቶሪያችን ማይክሮስኮፖች አብዛኞቹ መብራታቸው ተቃጥሎ ቆመው ነበር። ይህች ተማሪ አንዱን እንድትጠግን ፈቃድ ጠየቀች። ከተሰበረ የእጅ ባትሪ ውስጥ ነጭ ኤልኢዲ (ትንሿን አምፖል) አወጣችና ከ9 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ጋር በቀጥታ አገናኘችው፤ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ሁለተኛውን ከመሞከሯ በፊት ደብተሯን ይዛ ወደ እኔ መጣች። ኤልኢዲው የሚፈልገው 3 ቮልት ያህል ነው፤ የቀረውን 6 ቮልት የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድበው ሬዚስተር ይሸከመዋል፤ 6 ኤልኢዲው ለሚፈልገው ፍሰት፣ ለ0.02 አምፒር፣ ሲካፈል የሬዚስተሩ መጠን 300 ኦም ይመጣል። ባለ 300 ስላላገኘች ከአሮጌ ሬዲዮ ላይ ባለ 330 ነቀለች። መብራቱ በራ። ግን ዓይን ይወጋ ነበር፤ ስስ ነጭ ወረቀት ቆርጣ ከላዩ ለጠፈችበት። በማግስቱ የክፍል ጓደኞቿ ተሰልፈው የቅጠል ሴል አዩ። ወረፋውን ሁለት ጊዜ የያዘ አንድ ልጅ ነበር፤ በእኔ ክፍለ ጊዜ ሁልጊዜ የሚያንቀላፋው ልጅ ነው።

ዓርብ ቅጹን ይዤ ተቀመጥኩ። ስሟን ጻፍኩ፤ ክፍሏን ጻፍኩ። አራተኛው ዓምድ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ደረጃ? የላትም። ሽልማት? ማንም አልሸለማትም። በዚያ መንፈቀ ዓመት ውጤቷ ከክፍሏ መካከል ላይ ነበር። ሰረዝኩት። በዚያ ሳምንት ከትምህርት ቤታችን የተላከው ዜና በጥያቄና መልስ ውድድር ሦስተኛ የወጣ ተማሪ ስም ነበር። ለእሱም ይገባዋል፤ እሱ በመግባቱ ቅር አላለኝም። ቅር ያለኝ እሷ የምትገባበት በር በመጥፋቱ ነው። ስለ እሱም ቢሆን ቅጹ የነገረዎ ሦስተኛ መውጣቱን ብቻ ነው። እንዴት እንደተዘጋጀ፣ የትኛው ጥያቄ እንደጣለው፣ ታናናሾቹ ከእሱ ምን ሊወስዱ እንደሚችሉ አንድም ቃል አልደረሰዎትም።

ከዚያ በኋላ የቆዩ ዜናዎቻችንን ከፋይል አውጥቼ አገላበጥኩ። ስሞቹ ይደጋገማሉ። መደጋገማቸው አይገርምም፤ ሃምሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ሲነበቡ አርባ ሰባቱ አይነበቡም፤ ሃምሳውም በአንድ ጊዜ ቢበረቱ እንኳ በሚቀጥለው ጊዜ የሚነበቡት ያው ሦስት ናቸው። አንድ ጊዜ የአሥር ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ተማሪዎችን ዝርዝር በለጠፍንበት ቀን፣ አንድ ልጅ ጣቱን በሰሌዳው መስታወት ላይ አድርጎ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ አየሁት። አሥረኛው ላይ ደረሰ። ጣቱን አላነሳም፤ ከዝርዝሩ በታች ባለው ባዶ ወረቀት ላይ ትንሽ ቆየ። አሥራ አንደኛ መውጣቱን አውቃለሁ፤ ሮስተሩን የሞላሁት እኔ ነኝ።

ምስጋና ያበረታታል የሚለው ክርክር እንደሚነሣ አውቃለሁ። ያበረታታል፤ ግን የምናመሰግነው ምኑን ነው? የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት የአምስተኛ ክፍል ልጆችን እንቆቅልሽ አሠርተው፣ ለገሚሶቹ ብልህ መሆናቸውን፣ ለሌሎቹ በርትተው መሥራታቸውን ነገሯቸው። ቀጥሎ ከበድ ያለ እንቆቅልሽ ሲመጣ፣ ብልህ የተባሉት ቶሎ ተስፋ ቆረጡ። ከዚህ ሁሉ እኔን ያስደነገጠኝ መጨረሻው ነው፤ ውጤታቸውን ለማያውቁት ልጅ ጽፈው እንዲገልጹ ሲጠየቁ፣ ብልህ ከተባሉት ውስጥ ከመቶ 38ቱ ያላመጡትን ነጥብ ጨመሩበት። በርትታችኋል ከተባሉት የጨመሩት ከመቶ 13 ብቻ ነበሩ። እንዲህ ዓይነቱ ምስጋና ለውጤት ስለሚያመጣው ለውጥ መጠን ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ እኔም እንደ ወንጌል አልይዘውም። ሆኖም በየፈተናው ማግስት ነጥቡን ደብቆ የሚያልፍ ተማሪ ያላየ መምህር የለም።

ቢሮው በወር አንድ ጊዜ የሚጠይቀው «አንድም ቀን ያልቀሩ ተማሪዎች» ዝርዝርም አለ። ከዚህ በላይ ንጹሕ ምስጋና ያለ አይመስለኝም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ግን ከ15,000 በላይ ተማሪዎችን ተከታትሎ ሌላ ነገር አገኘ። ሳይቀሩ የተማሩ ልጆች ሳያስቡት ሽልማት ሲሰጣቸው፣ በሚቀጥለው ወር ካልተሸለሙት ይልቅ እነሱ አብዝተው ቀሩ። ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት ማብራሪያ፣ ሽልማቱ ለልጆቹ ያልታሰበ መልእክት አስተላለፈ የሚል ነው፤ ከጓደኞቻችሁ አልፎም ከሚጠበቅባችሁ በላይ መጥታችኋል የሚል። እንግዲህ ቢቀሩስ ምን አለበት? እኛ በምስጋና ስም ፈቃድ እየሰጠን ይሆናል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ያንን ዝርዝር በድምፅ ማጉያ አላስነብብም፤ ለቢሮው ግን ግዴታ ስለሆነ እልካለሁ።

ደረጃ ይጥፋ የምል አይምሰልዎ። ውድድርን እወዳለሁ፤ ተማሪዎችንም ይዤ እሄዳለሁ። ግን የዓለም አቀፉን የሒሳብ ኦሊምፒያድ ይመልከቱ፤ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ፣ መጀመሪያ በሩማንያ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚወዳደሩበት ነው። ከዚህ የበለጠ የተማሪ ፉክክር የት ይገኛል? ሜዳልያ ከተወዳዳሪዎቹ ለግማሽ ያህሉ ይደርሳል፤ ወርቅ፣ ብርና ነሐሱ በ1፣ 2፣ 3 ምጣኔ ይከፈላል። ከዚህ ሌላ ሜዳልያ ያላገኘ ተማሪ ከስድስቱ ጥያቄዎች አንዱን እንከን በሌለበት መንገድ ፈትቶ ሙሉ 7 ነጥብ ካገኘ፣ በክብር መጠቀሱን የሚገልጽ ዕውቅና ይሰጠዋል። አምስቱን ባዶ ቢተው እንኳ! ያቺ አንዷ ጥያቄ እስከ መጨረሻ መሠራቷ ብቻዋን ትከበራለች። በዓለም ከፍተኛው ውድድር ለአንድ በሚገባ ለተሠራ ሥራ ቦታ ካለው፣ የእኛ ቅጽ ምን ያስጨንቀዋል?

ፎቶግራፉን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገርዎ። በአንድ ሳምንት የአንድ ጎበዝ ተማሪ ፎቶ ከነሙሉ ስሙና ክፍሉ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ከትምህርት መልስ ኮሪደሩ ባዶ ሆኖ ሳለ ልጁን አገኘሁት፤ መስታወቱን ከፍቶ የራሱን ፎቶ በሳንቲም ጠርዝ ይፍቃል። ሊሮጥ አልሞከረም። «ማን ጠይቆኝ ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ምክንያቱን ኋላ ነገረኝ፤ እዚህ ልጽፈው አይገባም፤ ግን እኔ ብሆን እኔም እፍቅ ነበር። ሰሌዳው እንኳ በግቢ ውስጥ ያለ ነው። በቴሌግራም ሲሄድ የልጁ መልክ፣ ስምና በየቀኑ የሚገኝበት ቦታ በአንድ ላይ ለማናውቀው ሰው ሁሉ ይደርሳል፤ ብናጠፋው እንኳ አስቀድሞ ያስቀመጠው ሰው ዘንድ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 16 የልጁን የግል ሕይወትና ክብር ይጠብቃል፤ በአንቀጽ 12 ደግሞ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡ እንዲደመጥ ያዛል። ስምምነቱ ሕፃን የሚለው ከ18 ዓመት በታች ያለውን ስለሆነ፣ ተማሪዎቻችን ከሞላ ጎደል ሁሉም ይገቡበታል። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ የትምህርት መዛግብት ሕግ አለ፤ በእሱ መሠረት ትምህርት ቤት ተማሪው ያገኘውን ሽልማት ማስታወቅ የሚችለው ለወላጅ አስቀድሞ አሳውቆ፣ አልፈልግም የማለት ዕድል ከሰጠ በኋላ ነው። የፈተና ነጥብ ከዚህ ውጭ ነው፤ ያለ ፈቃድ አይወጣም። እኛ ነጥቡንም ደረጃውንም ፎቶውንም አንድ ላይ እንለጥፋለን፣ «ደስ ይለዋል» ብለን።

የስም ነገር ሲነሣ፣ አንዲት ተማሪ በሰሌዳው ላይ ስሟን በእስክሪብቶ አርማው አየሁ። እኛ በጸሎቱ ጸ ጽፈነው፣ እሷ የምትጽፈው በፀሐዩ ፀ ኖሯል። ሰሌዳ አበላሸሽ ብዬ ልቆጣ ነበር። ቅጹን ለቢሮው ከመላካችን በፊት ለባለቤቱ ለአንድ ደቂቃ ብናሳየው የሚታረም ነገር ነው፤ ግን ዓርብ ከሰዓት ሁልጊዜ እንጣደፋለን።

የምንጣደፍበትም ምክንያት አለ፤ ይህን ስጽፍ እኔም ከጥፋቱ ነፃ አይደለሁም። ቢሮው በየወሩ መጨረሻ ትምህርት ቤቶችን በላኩት የስኬት ዜና ብዛት ያወዳድራል። ያነሰ የላከ ርዕሰ መምህር በስብሰባ ላይ አንገቱን ይደፋል። ስለዚህ ዜና ሲጠፋ ዜና እንሠራለን። አንድ ሳምንት የሚላክ አጥተን የደብተር ንጽሕና ውድድር በአንድ ክፍለ ጊዜ አዘጋጅተን፣ ሦስት አሸናፊዎች መርጠን፣ ፎቶ አንሥተን ልከናል። ዳኛው እኔ ነበርኩ። በዚያ ክፍለ ጊዜ የኦምን ሕግ ማስተማር ነበረብኝ።

ለወላጅ ዜናው ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነም አይቻለሁ። የልጇን ስም ከሰሌዳው ላይ በስልኳ ፎቶ ለማንሣት መስታወቱ አላስችል ብሎ ሲያንጸባርቅባት፣ ነጠላዋን በእጇ ወጥራ ብርሃኑን የከለለች እናት አይቻለሁ። ይህን ደስታ የሚነፍግ ደብዳቤ አልጽፍም። እንዲያውም በብዙ እናቶች እንዲሆን ነው የምፈልገው።

የምጠይቅዎ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም። ከደረጃው ዓምድ አጠገብ «ምን ሠራ? እንዴት?» የሚል ሰፊ ቦታ ይጨመር፤ የደረጃው ዓምድ ባዶ ቢሆንም ቅጹ አይመለስ። ፎቶግራፍ ግዴታ መሆኑ ይቅር፤ ተማሪውና ወላጁ መፍቀዳቸው የሚገለጽበት አንድ ሣጥን ይኑር፤ አልፈልግም ያለ ልጅም ምክንያት አይጠየቅ። በዜና ብዛት ማወዳደሩ ከዚህ ወር ጀምሮ ቢቆም ደግሞ እኔም ወደ ኦም ሕግ እመለሳለሁ። ከሁሉም አስቀድሞ እንዲፈጸም የምለምነው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ቅጹ ቢሻሻልም ቁጥሩ ከተፈለገ በአዲሱ ዓምድ ውስጥ የፈጠራ ድርሰት መጻፋችን አይቀርም። ዜናውን ማን ይጻፍ የሚለውን ለእኛ ይተዉልን፤ ተማሪዎቹ ከእኔ በተሻለ ይጽፉታል፤ ማን ምን እንደሠራም ከእኔ በፊት ያውቃሉ።

የዚህን ሳምንት ቅጽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬያለሁ። አራተኛው ዓምድ ላይ የማይክሮስኮፑን ነገር ጻፍኩ፤ ስላልበቃኝ ወደ አምስተኛው፣ ወደ ፎቶው ቦታ፣ አሳለፍኩት። ስሟን በቅጹ ላይ እንድጽፍ ተማሪዋን ጠይቄያታለሁ፤ በዚህ ደብዳቤ ላይ ስላልጠየቅኋት አልጻፍኩትም። ሁለት ቀን አስባ ፈቀደች፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ መጀመሪያ ያቃጠለችው ኤልኢዲም እንዲጻፍ። ጽፌዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር

የፊዚክስ መምህርና የትምህርት ቤት ሳምንታዊ ዜና አዘጋጅ

ግልባጭ፦ ለትምህርት ቤታችን ማስታወቂያ ሰሌዳ