ለራስ ደጀን አንድ ቁጥር ስጡን
ግልጽ ደብዳቤ ለስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት

ጤና ይስጥልኝ።

ተማሪ ሳለን ጥያቄው ቀላል ነበር። የኢትዮጵያ ረጅሙ ተራራ? ራስ ዳሸን። ከፍታው? 4,620 ሜትር። ባለፈው ሰሞን ልጄ የቤት ሥራዋን ይዛ መጣች። አንዱ ጽሑፍ 4,533 ይላል፣ ሌላው 4,550። እኔ ደግሞ 4,620 ብዬ ጨመርኩበት። «አባዬ፣ የቱን ልጻፍ?» አለችኝ። «ለጊዜው 4,550ን በእርሳስ ጻፊው» ብዬ አመለጥኩ።

ከ4,620 እስከ 4,533 ድረስ 87 ሜትር ነው። ሃያ ምናምን ፎቅ ማለት እኮ ነው!

እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ ጫፉ ላይ ስለወጣሁ ነው። ከደባርቅ ተነስተን በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ አድርገን የቧሂትን ትከሻ ተሻገርን። ከዚያ እስከ መሻሃ ወንዝ ቁልቁል፣ እንደገና ደግሞ ሽቅብ። (ያን ሁሉ ከወጡ በኋላ መልሶ መውረድ ያበሽቃል።) ጅባራው (የደጋው ረጅም ተክል) አልቆ ድንጋይ ብቻ ሲቀር ጫፉ ላይ ደረስን። ማዶ ያለው ጫፍ ግን ከእኛው የሚበልጥ መሰለኝ። አብሮን የወጣውን ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) ብጠይቀው ሳቀ። «ሁሉም እንዲህ ይላል። እዚያ ሲሄዱ ደግሞ ይኼኛው ይበልጥባቸዋል» አለኝ።

ስካውቱ ታዲያ ተራራውን «ራስ ደጀን» ነው የሚለው። ባንኩና ቢራው ግን ዳሸን ናቸው። ካርታው እንኳ አንዱን ቢመርጥልን ምናለ?

ቻይናና ኔፓል በኤቨረስት ከፍታ ለዓመታት ሲከራከሩ ኖረው እ.ኤ.አ. በ2020 በጋራ 8,848.86 ሜትር ነው ብለው አሳወቁ። የእኛው ደግሞ የሁለት አገር ስምምነት አይፈልግም። ባለሙያዎቻችሁ በሳተላይት ከፍታ የሚለካውን መሣሪያ (ጂፒኤስ) ጫፉ ላይ ተክለው ይለኩ፤ ማዶ ያለውንም አይዝለሉ። ውጤቱን ከባሕር ጠለል በላይ ወደሚቆጠር ከፍታ ቀይራችሁ፣ እንዴት እንደለካችሁት ጭምር በአማርኛ አውጡልን። ለትምህርት ሚኒስቴርና ለሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤትም ላኩላቸው። ጫፉ ላይ ስሙንና ቁጥሩን የያዘች ትንሽ ሰሌዳ ብትቆም ደግሞ እሰየው።

በበጋ ሂዱ፤ ክረምት ላይ ጭጋጉ አያሳያችሁም። ወፍራም ጃኬት አትርሱ። ውጤቱ ከ4,533 ቢያንስም ቅር አይለኝም። እስከዚያው ልጄ በእርሳስ እንደጻፈችው ይቆያል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደባርቅ መንገድ ወዳጅ